ወደ አል ዓይን ያለቀስኩበት መንገድ

የተወለድኩበትን ቀን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም። እናቴን ስጠይቃት «የእንድሪስ ላም መንታ የወለደች ሰሞን ነው» ትለኛለች፤ ላሟ መቼ እንደወለደች ደግሞ ጎረቤታችን እንድሪስም አያውቅም። ፓስፖርቴ ላይ ያለውን ቀን የጻፈልኝ ደላላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቅጡ ያልሞላኝን ልጅ ለሥራ ትድረስ ብሎ ሰባት ዓመት ጨመረልኝ፤ ቀኑንና ወሩንም ከራሱ አፍልቆ ሞላው። ስለዚህ ልደት የሚባለው ነገር እኔ ዘንድ የአየር ማረፊያ ጉዳይ ነው። ሲጠይቁኝ እናገራለሁ፣ ከመስኮቱ ዞር ስል እረሳዋለሁ።

መዲና እባላለሁ፤ የወሎዋ ሐይቅ ልጅ ነኝ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ ኩዌት ውስጥ የዓረብ ሴቶችን ረጅም ቀሚስ፣ አባያ፣ ሰፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ግን አቡ ዳቢ፣ አል ኻሊዲያ፣ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ዘይነባንና ሉባባን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ሦስታችንም በተለያየ ወለል ላይ እንሠራለን፤ ማዳሞቻችን ለብቻችን አያስወጡንም፤ የምንገናኘው ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ ብቻ ነው። ቆሻሻ የሌለ ቀን ፌስታሉን በትንፋሻችን ነፍተን እንወርዳለን። በዚያች የሽታ ጓዳ ውስጥ የተሳቀውን ሳቅ ዛሬ ሽቶ ቤት ውስጥ ቆሜ አልስቀውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሄደ። እኔ ወደ ኩዌት ተሻገርኩ። ዘይነባ ኸሊፋ ሲቲ ውስጥ እንደ ሰው የምታያት ማዳም አገኘችና እዚያው ቤት ኖራ የሰው ልጆች አሳደገች። ሉባባ ሰይድ የሚባል የከሚሴ ሰው አግብታ አል ዓይን ገባች፤ ፈላጅ ሃዛ የሚባለው ሰፈር ቤት ይዘው ሰሚራ የምትባል ልጅ ወልደዋል። ሰይድ ሾፌር ነው፤ ወሬ ከጀመረ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ የሚያወራ ሰው ነው።

እናቴ ሐይቅ፣ ከወንድሜ ከይመርና ከሚስቱ ከራህማ ጋር ትኖር ነበር። ስድስት ዓመት አላየኋትም። ለዒድ እመጣለሁ እላታለሁ፤ ዒድ ሲደርስ የአባያ ገበያ የሚደራው ለዒድ ነውና ለመውሊድ እላታለሁ። እናቴም «ይሁን፣ አላህ ያገናኘን» ትላለች። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እነ ሉባባ «አገርሽስ ይቅር፣ እኛን እንኳ እይን እንጂ» ብለው ወጥረው ያዙኝ። የጉብኝት ቪዛውን ሉባባ ራሷ አስጨረሰችልኝ፤ የፓስፖርትሽን ፎቶ ላኪ አለችኝ፣ ላክሁ። በታኅሣሥ ወር፣ በአንዱ ዓርብ ከሰዓት አቡ ዳቢ ገባሁ።

የዘይነባ ማዳም ከእሷ ክፍል እንድተኛ ፈቅዳልኝ ነበር። ዘይነባ የግቢውን በር ከፍታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ወይ መዲና፣ ኩዌት ሩዝ አልቆ ይሆን?» አለችኝ። ወፍረሻል ማለቷ ነው። እኔም ጥርሷን አይቼ «አንቺስ ወርቁን ከአፍሽ ምን አስገባው?» አልኳት። እንዲህ ተሰዳድበን ተቃቀፍን። በማግሥቱ በአውቶብስ አል ኻሊዲያ ወርደን የድሮውን ፎቃችንን አየነው። የቆሻሻ ጓዳዋ በር ላይ ቆመን ስንስቅ ጥበቃው ምን ጠፍቶባችሁ ነው አለን። ወጣትነታችን አላልነውም እንጂ እሱ ነበር።

ማታ ልንተኛ ስንል ዘይነባ «ነገ ከምሳ በኋላ ሰይድ መጥቶ አል ዓይን ይወስደናል። እስከዚያ እንደ ማዳም ተኚ» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ወደ አልጋዬ ልመለስ ስል የዘይነባን ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። ግቢው ውስጥ ቆማ በስልክ ታንሾካሹካለች። ዘይነባ ስታንሾካሹክ ጎረቤት የሚሰማ ሴት ናት።

«የለም፣ ምንም አላወቀችም» ትላለች። «እኔ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ሰው ሁሉ ባለበት ነው የሚሻለው። ይመርስ ደወለ? እሺ። ሐሳብ አይግባሽ፣ ከፊቴ ላይ አታነበውም።»

ይመር ወንድሜ ነው አላልኳችሁም? ይመርና ዘይነባ ተያይተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው ምን ጉዳይ አለ?

ዘይነባ ገባች። «ተነስተሻል? ልበሺ፣ ሰይድ በር ላይ ነው።»

«ከምሳ በኋላ አላልሽኝም?»

«ሐሳባችንን ቀየርን።»

«ምነው፣ በጤና?»

«በጤና ነው። ያንን ጥቁሩን አባያ ልበሺ፣ እሱ ያምርብሻል» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ በድብቅ ይጠራራል፤ አንድ ቤት ይሰበሰባል፤ ባለጉዳዩን በሰበብ ያመጡታል፤ ማለዳ፣ እህል ቀመስ ካደረገ በኋላ መርዶውን ይነግሩታል። ስደት ላይ ይህ ሥራ የጓደኛ ነው። እኔ ራሴ ኩዌት ውስጥ ስንቷን «ነይ ልለካሽ፣ ጨርቅ ተርፎኛል» ብዬ ጠርቼ አስለቅሻታለሁ። የሙያው ሰው ነኝ፤ ምልክቱ አይጠፋኝም።

ልብሴን ለበስኩ። ጥቁሩን።

ውጭ ጭጋግ ወርዷል። የኸሊፋ ሲቲ ቪላዎች ከአጥራቸው በላይ አይታዩም። ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ከመኪናው ወረደና ሰላም አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «የኩዌት ዲናር መጣች» ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። ያን ቀን «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» ብቻ አለና የኋላውን በር ከፈተልኝ። ዘይነባ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሬዲዮ የለም፣ ወሬ የለም፤ ሰይድ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው።

«ሰይድ፣ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«ምን አለ ብለሽ ነው። ሁሉም በአላህ እጅ ነው።»

ዘይነባ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰይድ አፉን ዘጋ።

ለምን በግልጽ አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። ብጠይቅ ይነግሩኛል፤ ከነገሩኝ እውነት ይሆናል። ካልጠየቅሁ ግን እናቴ ቢያንስ እስከ አል ዓይን አለች። ይህን እንደ ሞኝ ይዤ ተቀመጥኩ።

መንገድ ላይ ካለ አንድ ማደያ ስንደርስ ሰይድ ስልኩን አየና «ሻይ እንጠጣ» አለ። ዘይነባ በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱ «ገና ነው፣ ሰው አልሞላም» አላት ቀስ ብሎ። ክላክስ ሲያደርግ የሻይ ቤቱ ልጅ ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይና በእንቁላል የተጠቀለለ ዳቦ መስኮቱ ድረስ አመጣልን።

«ብዪ» አለችኝ ዘይነባ።

«አልራበኝም።»

«ብዪ እንጂ። ለዚህ ባዶ ሆድ አይሆንም።»

«ለምኑ?»

ደነገጠች። «ለመንገዱ ነዋ» አለች።

ያን ዳቦ እንዴት እንደዋጥኩት አላህ ያውቃል። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ለይመር ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ፣ አያነሳም። የራህማን ስሞክር አነሳችው። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የብዙ ሴቶች ድምፅ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ልጅ ሲያለቅስ። በዚያ ማለዳ የእናቴ ግቢ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል? አንዲት ሴት «ዝም በሉ፣ እሷ ናት» ስትል ሰማሁ። ወዲያው ጸጥ አለ።

«ራህማ፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺስ?»

«እማየስ?»

«እማየ... ተኝታለች።»

«ፀሐይ ወጥቶ?»

«ትንሽ ደክሟት ነው። መዲናዬ፣ ሰው መጣብኝ፣ ኋላ ራሳችን እንደውልልሻለን» ብላ ዘጋችው።

እናቴ ከሱብሂ በኋላ ተኝታ አታውቅም። ታማ እንኳ ደጅ ወጥታ ነው የምትታመመው። ዘይነባ እጇን ዘርግታ «ስጪኝ ልያዝልሽ፣ ባትሪሽን አትጨርሺ» አለችና ስልኩን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይህም የሥርዓቱ አካል ነው። እኔም ሳስለቅስ መጀመሪያ የምቀማው ስልክ ነው።

ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ የተኛሁ መሰልኩ።

የአል ዓይን መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ዛፍ ተተክሏል፣ ከዛፉ ኋላ አሸዋ ነው። ከሻሹ ሥር ሆኜ እናቴን አሰብኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ከደወልኩላት ሳምንት ሙሉ አልፎ ነበር። የእንድሪስ ሚስት ከሌላ ጎረቤቷ ጋር በፍየል የተነሳ ሸንጎ ቆማ ስለነበር እሱን እየተረከችልኝ ነበር። ፍየሏ የማን እንደሆነች ለመፍረድ ሽማግሌዎቹ ራሷን ፍየሏን ለቀው የት ቤት እንደምትገባ ሊያዩ ተስማሙ ስትለኝ ደንበኛ መጣብኝና «እማየ፣ ኋላ» ብዬ ዘጋሁ። አልደወልኩም። አሁን መኪና ውስጥ ሆኜ ከምንም በላይ ያን ማወቅ ፈለግሁ፤ ፍየሏ የት ቤት ገባች? ከእንግዲህ ማን ይነግረኛል? ይመር እንዲህ ያለ ወሬ አይችልም።

ሳላስበው ግጥም መጣብኝ። ሙሾ በሃይማኖታችን የተወደደ አይደለም፤ ሼኮቹ ይቆጣሉ፤ የወሎ ሴት ግን ኀዘን ሲገባት ቃሉ ራሱ ቤት እየመታ ነው የሚወጣው። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ውስጤ ብቻ አለቀስኩት።

ለዒድ ነው እያልኳት፣ ለመውሊድ እያልኳት፣
የሚጠብቅ መስሎኝ ሞትም እንደ እናት።

ቀና ስል ጭጋጉ ተገፎ የጀበል ሐፊት ተራራ ከሩቅ ይታያል። አል ዓይን ገብተን ነበር። አደባባይ ዞርን፣ ሌላ አደባባይ ዞርን፣ ቴምር የተተከለበት ሰፊ መንገድ ገባን። የሉባባ በር ላይ መኪና ተደርድሯል። ከደጃፉ የጫማ ክምር አለ፤ የሴት ጫማ፣ የልጅ ጫማ። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ደጃፍ ላይ የሌላ ሴት ክንድ ይዤ ገብቻለሁ።

ዘይነባ ክንዴን ደገፍ አድርጋ ያዘችኝ። ሰው ክንዱ የሚያዘው ሊወድቅ ሲል ነው።

በሩ ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። ሰው እንዳለ በትንፋሹ ይታወቃል። አንዲት ሴት አፏን አፍና ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«እማየን!» ብዬ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። መኪና ውስጥ ያፈንኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ግጥሙን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ደረቴን እየመታሁ።

መብራቱ በራ። «ሰርፕራይዝ!» አሉ አንድ ሦስት የልጅ ድምፆች። ሌላው ሰው ግን አፉን እንደከፈተ ቀረ። እኔ ምንም አላየሁም፤ ዓይኔ እንባ ነው።

ሉባባ ኬክ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ አየችኝ። «እናቷ?» አለች። «እናቷ ሞቱ? ማን ነገራት?»

ዘይነባ እጇን አፏ ላይ ጭና «እኔ አልነገርኳትም!» አለች። ከድንጋጤዋ ብዛት ነው፤ ድግሱን አልነገርኳትም ማለቷ ነበር። ለሰሚው ግን ያ ማረጋገጫ ሆነ። ሉባባ ኬኩን መሬት አስቀምጣ «እማ!» ብላ ጮኸች። ከሷ ኋላ ያሉት ሴቶች ተከተሉ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተንበርክካ አብራኝ ደረቷን ትመታለች። በአንድ አፍታ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ፊኛ ከጣሪያው ላይ ይወዛወዛል፣ ሴቶቹ ከሥሩ ያለቅሳሉ። ዘይነባም ታለቅሳለች፤ ጠዋት ይመር እንደደወለና ሁሉ ደህና እንደሆነ እያወቀች።

ሰሚራ መሃል ቆማ «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ? ማን ነው የሞተው?» ትላለች። ማንም አይመልስላትም። የሚያውቅ የለማ።

ሰይድ ነው የገላገለን። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ቤቱን አየ፣ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ምንም ሳይል ስልኩን አውጥቶ በምስል ደወለ። ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘውና «ኸላስ! ዝም በሉ» አለ። ሰይድ ሲቆጣ አይቶት የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም ዝም አለ።

ከስልኩ ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ምን ሆናችሁ እናንተ? ማን ሞተባችሁ?»

ዓይኔን ጠርጌ አየሁ። እናቴ ናት። የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሂና ተቀብታ፣ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ይመር፣ ራህማና የሰፈሩ ሴቶች ተደርድረዋል። እንኳን ተወለድሽ እንዲሉኝ በቪዲዮ ሊቀረጹ ነው ማለዳ የተሰበሰቡት። «ተኝታለች» የተባለችው እናቴ ራህማ ሂናዋን እያጠበችላት ነበር።

ሰይድ «እርስዎ ነዎት የሞቱት፣ እናቴ» አላት።

«እኔ? መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

እናቴ ወደ ራህማ ዞር ብላ «ሰማሽ? ለካ ለዚህ ነው ወገቤን ሲያመኝ ያደረው» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለቅሶና ሳቅ በር የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ አየኋት፣ አየኋት። የተሸበሸበ ፊቷን፣ የጎደለ ጥርሷን አየሁ። አልሞተችም።

«መዲና፣ አለቀስሽልኝ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማየ።»

«ምን ብለሽ?»

«ተይው አሁን።»

«በይ እንጂ። ሰው ሞቶ የለቅሶውን ግጥም የሰማ ማን አለ? እኔ ልስማ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። አፈርኩ። ግን እናት ጠይቃ እንቢ አይባልም፤ ቀስ ብዬ አልኩላት። ዒዱን፣ መውሊዱን፣ እንደ እናት የሚጠብቀውን ሞት። ስጨርስ እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ዓይኗ እርጥብ መሰለኝ። ከዚያ «ግጥሙስ ይሁን» አለች። «ግን ያለቀስሽው ለራስሽ ነው። የሞትኩት እኔ፣ የሚታዘንልሽ አንቺ? አባታችሁ ካለፈ በኋላ ሐይቅ ገበያ ዓሣ እየቸረቸርኩ ማሳደጌ የት ገባ?»

«እጨምርበታለሁ፣ እማየ።»

«አሁን ጨምሪ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ እያለቀስኩም እየሳቅሁም አሰብኩ። ነጠላ የታጠቀችው ሴት «ዓሣ ሸጣ ሸጣ» ብላ ጀመረችልኝ፤ የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

ዓሣ ሸጣ ሸጣ እኔን አለበሰች፣
እኔ ለሰው ስሰፋ ሰው ናፍቃ ቀረች።

«አሁን ሆነ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተለወጠ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ለቅሶዬ ላይ ባትኖሪም አልቀየምሽም። ለቅሶዬን ትተሽ ለእኔ ነይ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሰሚራ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ነገሩ ሁሉ የሷ ሐሳብ ነበር። ለቪዛው የላክሁት የፓስፖርት ፎቶ ላይ ቀኑን አይታ፣ እናቷን ለምና፣ ይመርን በስልክ አግኝታ ያሰናዳችው እሷ ናት። የዘይነባ ማዳም ከሰዓት እንግዳ ስላለባት ድግሱን ወደ ጠዋት አዞሩት። ሰይድን ደግሞ አፉ ስለማይታመን መንገድ ላይ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ብለውት ነበር።

«ሶሪ፣ አንቲ» አለችኝ። «ሰርፕራይዝ ደስ ይልሻል ብዬ እኮ ነው።»

«ልጄ» አልኳት ጸጉሯን እየደባበስኩ፣ «እኛ የምናውቀው ሰርፕራይዝ አንድ ዓይነት ብቻ ነው።»

ኬኩ ላይ «ሃምሳ» ተብሎ ተጽፏል። እውነተኛ ዕድሜዬ አርባ ሦስት ግድም ነው። ደላላው የጨመረልኝን ሰባት ዓመት በክሬም ተጽፎ ሳየው ተናደድኩና ቢላዋ ይዤ መጀመሪያ እሱን ቆርጬ በላሁት። እስክሞት የማልረሳው ጣፋጭ ነው።

ሉባባን ያገኘኋት ግን ጓዳ ውስጥ ነው። ዕቃ የምታጥብ መስላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አልሞተችም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። የእኔዋ ነው።» እጇን ሳትጠርግ ዞረች። «እናቴ ስትሞት ዓመት ሙሉ ደበቁኝ። ለዒድ ቀሚስ ላክሁላት፤ ደርሷታል፣ ወዳዋለች አሉኝ። አንዷ የአገሬ ልጅ ነፍስ ይማር ስትለኝ ነው ያወቅሁት። የዚያን ቀን ማዳም ሰው ጠርታለች። በሰው ቤት እንዴት ይለቀሳል? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ለቀቅሁት፣ ፊቴን ታጥቤ ወጥቼ ሩዝ አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም፤ ጊዜው አለፈብኝ። ዛሬ ባንቺ ሰበብ አለቀስኩላት።»

ይዣት ቆምኩ። ሳሎን ውስጥ ያሉት ሴቶችም እንደ ሉባባ እንደነበሩ ኋላ ነው የገባኝ። ማን ሞተ ብላ ሳትጠይቅ ያለቀሰች ሴት የራሷ ሙት ነበራት።

አንባቢዎቼ፣ መርዶን እንተው አልልም። አባቶቻችን ያመጡት በእዝነት ነው፤ ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ነው። ሉባባ ከመታጠቢያ ቤቱ ይልቅ ሃያ ሴት መሃል ብትሰማው በወደድኩ። ግን ስደት መሃላችን ገብቶ ሥርዓቱን አጣሞብናል። ልናስተዛዝን የጀመርነው መደበቅ ሆነብን፣ ደግሰው ሲጠሩንም የምንደነግጥ ሰዎች ሆንን። ከዚያ ቀን በኋላ ከይመር ጋር ቃል ተግባብተናል፤ የሆነው ሁሉ በሆነበት ቀን ይነገረኝ፣ ስወድቅ የሚያነሳኝን ሰው እኔው ፈልጌ አገኛለሁ አልኩት። እናንተም ከሰዎቻችሁ ጋር ብትነጋገሩበት አይከፋም።

ሌላውን ግን አልመክርም፣ እነግራችኋለሁ እንጂ። ወደ ኩዌት አልተመለስኩም። ለአሠሪዬ ደውዬ አገሬ እገባለሁ አልኩት፤ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «እናቴ አልሞተችም» አልኩት። ምን እንደተረዳ እንጃ፤ አላህ ያጽናሽ ብሎኝ ዘጋ። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ ይቃጠላል ብለው ዘይነባና ሉባባ ሁለት ቀን ተከራከሩኝ፣ በሦስተኛው አየር ማረፊያ ሸኙኝ። ሐይቅ ገብቼ የእናቴ ደጃፍ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ተከልኩ። የፍየሏንም ነገር አጣራሁ፤ ከሁለቱም ቤት አልገባችም፣ መስጊድ ነው የገባችው። እናቴ ይህን ወሬ ስትጨርስ ከሳቋ የተነሳ ውኃ አቀበልናት።

እንዲህ አብረን ሁለት ክረምት ከረምን። ተጣላን፣ ታረቅን፣ ስለ ጨው ብዛት ተከራከርን። በሦስተኛው ክረምት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ አረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለቅሶው ላይ የሰፈር ሴቶች ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር። ዓረብ አገር ኖራ የመጣች ልጅ ምን ትል ይሆን ብለው ጠብቀዋል። እንባዬ ወርዷል፤ አንድም ግጥም ግን ከአፌ አልወጣም። አንዲቱ ለጎረቤቷ «ዓረብ አገር ልብ ያደርቃል» ስትል ሰማኋት። የእኔን ለቅሶ ባለቤቷ ራሷ ሰምታ፣ የጎደለውን አስሞልታ፣ «አሁን ሆነ» ብላልኛለች።